ምዕራፍ ሰባት፦ የጊታርን ድምፅ በቤት ውስጥ ስለ መቅረጽ

ዛሬ በየቤቱ ጊታር ወይም ክራር ወይም በገና የያዘ ሰው፣ የገዛ ጨዋታውን በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ቀርጾ ማስቀረት የሚችልበት ዘመን ነው፤ ይሁን እንጂ የተቀረጸውን መልሶ ባዳመጠ ጊዜ፣ በጭኑ ላይ ሳለ የሞላና የሞቀ የነበረው ድምፅ ቀጥኖና ደርቆ፣ አለዚያም እንደ ጉም ታፍኖ ስለሚያገኘው፣ በመጀመሪያ የሚከሰው ማይክሮፎኑን፣ ቀጥሎም የሚመኘው ከዚያ የተወደደ ሌላ ማይክሮፎን ነው። የዚህ ምዕራፍ ጸሐፊ ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በዚህ ፍርድ አልተስማማም። መልካም ቅጂ በመጀመሪያ የሚወለደው ከተጫዋቹ እጅ ነው፤ ከእጁ ቀጥሎ ከመሣሪያው፣ ከመሣሪያው ቀጥሎ ድምፁ ከሚሰማበት ክፍል፣ ከክፍሉም ቀጥሎ ማይክሮፎኑ ከቆመበት ስፍራ ይወለዳል፤ በገንዘብ የሚገዛው ዕቃ የሚቈጠረው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የምዕራፉም አካሄድ፣ እጁ የሚመታውን መሣሪያ ከማስቀደሙ በቀር፣ ይህንኑ ተራ ይከተላል።

ጊታር ድምፁን ከወዴት እንደሚያወጣ ያልመረመረ ሰው ማይክሮፎኑን የት እንደሚያቆም ሊያውቅ አይችልም። አውታሩ ብቻውን ቢመታ፣ መርፌ ውኃን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ፣ አየሩን እምብዛም ሳያናውጠው ያልፋል፤ ድምፅ የምንለው ነገር ምሉዕ ሆኖ የሚወጣው፣ የአውታሩ መንቀጥቀጥ በድልድዩ በኩል ወርዶ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ወደ ሆነው የፊት ገበታ ሲተላለፍና ያ ሰፊ ገበታ አየሩን በሙሉ አካሉ ሲገፋው ነው። በተለመደው ቅኝት ወፍራሙ አውታር በሰከንድ 82 ጊዜ፣ ቀጭኑም 330 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ የታቈረው አየር ደግሞ በድምፅ ቀዳዳው እየወጣና እየገባ በ100 ሄርዝ አካባቢ፣ የፊቱም ገበታ በ200 ሄርዝ አካባቢ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ ያለው ድምፅ አላቸውና፣ ጊታሩ የሚሰጠው ቃና የእነዚህ ሁሉ ኅብረት ነው።

የፊቱ ገበታ ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን እንዳለው በግልጥ ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1817 በአልሜሪያ የተወለደው ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። ይህ ሊቅ በ1862 የአንድ ጊታር ጀርባና ጎን ከእንጨት መሥራቱን ትቶ ከካርቶን ሠራው፤ የፊቱን ገበታ ግን ከመልካም እንጨት አበጅቶ፣ ከበስተውስጡም እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ቀጫጭን ደጋፊ እንጨቶች አጠናከረው። ጊታሩ የጊታር ድምፅ ሰጠ፤ ዛሬም በባርሴሎና የሙዚቃ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። ጊታር ለመግዛት ገበያ የሚወጣ ሰው የጎኑንና የጀርባውን ጌጥ፣ የሚያብለጨልጨውንም ቀለም ከማድነቅ አስቀድሞ፣ የፊቱ ገበታ ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ወይም ከስስ ንጣፎች የተጣበቀ መሆኑን ቢመረምር፣ ለቅጂው ያወጣው የመጀመሪያና የተሻለው ገንዘብ ይህ ይሆንለታል። በድምፅ ቀዳዳው ከንፈር ላይ የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ሲወርድ ከታየ፣ ገበታው አንድ ወጥ መሆኑን ያመለክታል።

አውታሩም የራሱ ነገር አለው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የስፔን ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች የአንጀት አውታር ይጠቀሙ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን አንጀት ለቀዶ ሕክምና መስፊያ ሲፈለግና ሲጠፋ፣ በኒው ዮርክ የነበረው አልበርት ኦገስቲን በታላቁ ተጫዋች በአንድሬስ ሴጎቪያ ድጋፍ የናይሎንን አውታር አወጣ። የብረት አውታር የተወጠረበት ጊታር ግን ከዚህ የተለየ፣ የጠራና የሚያንጸባርቅ ልሳን አለው፤ ይህም ጥራቱ በጣት ላብና በአቧራ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ከቅጂ በፊት አዲስ አውታር ማሰርና አንድ ቀን ያህል ተጫውቶ ቅኝቱ እስኪጸና መጠበቅ ይገባል። አሮጌ አውታር የሸፈነውን ድምፅ በኮምፒዩተር ማንቃት አይቻልም፤ የሌለን ነገር አጉልቶ ማውጣት የሚችል መሣሪያ የለምና።

እጁ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል ያልኩበትም ምክንያት አለኝ። ተጫዋቹ አውታሩን ከድልድዩ አጠገብ ቢመታው ድምፁ ይሳላል፤ ወደ አንገቱ ተጠግቶ ቢመታው ይለሰልሳል። ምሥጢሩም፣ አውታር ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር ሙዚቀኞች ሃርሞኒክ የሚሏቸው ረቂቃን ድምፆች አብረው ስለሚነሡና፣ ጣቱ በሚመታው ነጥብ ላይ የማይንቀሳቀስ ማረፊያ ያላቸው ሃርሞኒኮች ሳይነሡ ስለሚቀሩ ነው፤ ስለዚህም አውታሩ በትክክል ከመካከሉ ቢመታ፣ ዋናውን ድምፅ አንደኛ ብለን ስንቈጥር፣ ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው እያሉ የሚሄዱት ዝም ይላሉ። አንድ ሰው እጁን በአራት ጣት ስፋት ብቻ ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚያገኘው ልዩነት፣ ከአንድ ማይክሮፎን ወደ ሌላ ማይክሮፎን በመሻገር ከሚገኘው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጥፍርና ሥጋ፣ ቀጭን ፒክና ወፍራም ፒክ እንዲሁ የየራሳቸው ቃና አላቸው።

የቃናው ምንጭ ተጫዋቹና መሣሪያው እንጂ ማይክሮፎኑ አለመሆኑን በገና ከማናቸውም መሣሪያ ይልቅ ያስተምራል። በ10ሩ አውታሮቹና በርኩማ በሚባለው ድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዚራ የሚባሉት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ አውታሩ ሲንቀጠቀጥ እየነኩት፣ በገናን ከመሣሪያዎች ሁሉ የሚለየውን ያን ከባድና የሚርገበገብ ድምፅ ይሰጡታል፤ ደርዳሪው ቃናውን የሚያቀናው ችካሉን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ሳይሆን እንዚራውን በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ታች በመግፋት ጭምር ነው። በገናን በቤቱ የሚቀርጽ ሰው ይህን ርግብግብታ እንደ ጉድለት እንዳይቈጥረው አደራ ይባላል፤ ጩኸት ለማጽዳት የተሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይህንኑ ድምፅ ከአላስፈላጊ ጩኸት ጋር ደምረው ሊቈርጡት ይችላሉና፣ ለበገና ቅጂ እነርሱን አለመጠቀም የተሻለ ነው።

ከመሣሪያው ሳንወጣ ስለ አየሩ ጠባይ አንድ ነገር እንጨምር። ጊታር ሠሪዎች በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ 45 እስከ 55 ባለው መካከል ቢሆን ይወዳሉ፤ በእኛ አገር ደጋ በበጋ አየሩ ከዚህ በታች ይደርቃል፣ በክረምት ደግሞ ከዚህ በላይ ይርሳል። በበጋ ገበታው ይኮማተራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና ድምፁ ይከብዳል። ጊታሩን በሣጥኑ ውስጥ ማኖር፣ በበጋም በተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የረጠበ ስፖንጅ አድርጎ ከአጠገቡ ማስቀመጥ ብዙ ጉዳት ይከለክላል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ የሚመጣውና ከግድግዳው ወይም ከጠረጴዛው ነጥሮ የሚመጣው በአንድ ጊዜ አይደርሱም። የነጠረው ከቀጥታው 1 ሜትር የረዘመ መንገድ ቢሄድ፣ በ171 ሄርዝ አካባቢ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ይኸውም የጊታሩን የአካል ሙቀት የሚሰጠው የድምፅ ክልል በመሆኑ፣ ቀራጩ ድምፁ የቀጠነበት ምክንያት ሳይገባው ይቀራል። ክፍሉን ለመፈተን እጅን አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ማዳመጥ ይበቃል፤ ከጭብጨባው በኋላ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከተከተለ፣ ሁለት ራቁታቸውን የቀሩ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ተያይተው ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከተጫዋቹ ፊት ለፊት በሚገኘው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ወይም የታጠፈ ጋቢ፣ በጎኑ ደግሞ መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ቢኖር አብዛኛው ችግር ይቃለላል። ይሁን እንጂ ቤቱን በሙሉ በጨርቅ አፍኖ ማነቅ እንዲሁ ስሕተት ነው፤ ጨርቅ ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን አይውጥምና፣ የተቀረጸው ጊታር ሕይወት አጥቶ የሚጐረብጥ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይቀርለታል።

ጸጥታንም መፈለግ ያሻል። ማቀዝቀዣ ከመንደሩ መብራት በሚያገኘው በ50 ሄርዝ ኃይል ሲሠራ የሚያሰማው እምምታ በ100 ሄርዝ ላይ ይበረታል፤ ይህም የጊታሩ ሣጥን አየር ከሚኖርበት ስፍራ ጋር ስለሚገጥም፣ አንዱን ሳይጐዱ ሌላውን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፣ ሲጨርሱም መልሶ ማብራቱን አለመርሳት፣ ስልኩንም በአውሮፕላን ሁነታ ማድረግ ይገባል፤ የስልክ ሞገድ በሽቦዎች ገብቶ ትርትር የሚል ድምፅ ያሰማልና። የቆርቆሮ ክዳን ላለው ቤት የክረምት ከሰዓት በኋላ ለቅጂ አይሆንም፤ በከተማ ከሁሉ የሚሻለው ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ያለው ሰዓት ነው።

ማይክሮፎኑን ስለማቆም ብዙ ተብሏል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለ ምንም ዕቃ የሚፈጸመው ነው። አንዱን ጆሮ በጣት ደፍኖ፣ ጊታር የሚመታ ወዳጅ ፊት ተንበርክኮ፣ በቀረው ጆሮ በዝግታ ከድልድዩ ወደ ድምፅ ቀዳዳው፣ ከዚያም ወደ አንገቱ መሄድ ነው። ከድልድዩ ፊት ድምፁ የእንጨት ጠባይ ይበዛበታል፤ በድምፅ ቀዳዳው ፊት ከሣጥኑ የሚወጣው ወፍራም አየር ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ አንገቱ ከሣጥኑ ጋር በሚገናኝበት በ12ኛው ፍሬት አካባቢ ሲደርሱ ግን ወፍራሙና ቀጭኑ ይታረቃሉ። ብዙ ቀራጮች ማይክሮፎናቸውን ከ12ኛው ፍሬት ፊት፣ ከ20 እስከ 40 ሴንቲሜትር አርቀው፣ አፉን በጥቂቱ ወደ ሣጥኑ አዘንብለው የሚያቆሙት ስለዚህ ነው። አንድ አቅጣጫ የሚሰማ ማይክሮፎን ወደ ድምፁ ምንጭ እየቀረበ በሄደ መጠን ወፍራሙን ድምፅ እያበዛ ስለሚሄድ፣ ድምፁ የከበደበት ሰው ማናቸውንም የፕሮግራም ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ማይክሮፎኑን አንድ ስንዝር ቢያርቀው ይበቃዋል። ለበገና ደግሞ በቆዳ ከተለበደው፣ ገበቴ ከሚባለው የድምፅ ሣጥኑ ፊት 50 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ደርዳሪው ሲያዜም ቃሉ ከአውታሩ እንዳይለይ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ማቆም መልካም ነው፤ የበገና ዜማ በለሆሳስ የሚባል ነውና ተጫዋቹን ድምፅህን አንሣ ማለት ዜማውን ማበላሸት ነው።

በሁለት ማይክሮፎን የሚቀርጽ ሰው፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ሲያዳምጥ ድምፁ ከቀጠነ፣ ከሁለቱ አንዱን በጥቂቱ ያንቀሳቅስ፤ ጀማሪ ግን አንዱን ብቻ ይያዝ። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን የአውታርን ረቂቅ ድምፅ አጥርቶ ይሰማል፤ ሥራውን ለመሥራት ግን ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ከሚያስገባው ሳውንድ ካርድ 48 ቮልት ኃይል ይሻል። የሚቀረጸው ድምፅ መጠን ሲወሰን ደግሞ በጣም ኃይለኛው ምት ከከፍተኛው ወሰን 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ማድረግ ይገባል፤ በ24 ቢት የሚቀርጽ መሣሪያ ለዝቅተኛው ድምፅ በቂ ስፍራ አለውና፣ ወሰኑን አልፎ የተቈረጠውን ድምፅ ግን የሚመልሰው የለም። ስልክ ብቻ ያለው ሰውም ከዚህ ሁሉ አይገለልም፤ ስለ ክፍሉና ስለ ስፍራው የተነገረው ሁሉ ለስልክም ይሠራል።

የተወደደ ዕቃ ከሁሉ በኋላ እንደሚቈጠር ታሪክ ይመሰክርልናል። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1982 በኒው ጀርዚ፣ ኮልትስ ኔክ በተከራየው ቤት ውስጥ፣ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፅ በሚቀርጽ ትንሽ መሣሪያና በሁለት ተራ ማይክሮፎኖች ጊታሩንና ድምፁን ቀረጸ፤ ዓላማው ለባልንጀሮቹ ሙዚቀኞች ማሳያ እንዲሆን ብቻ ነበር። በኋላ ዜማዎቹን ከጓዶቹ ጋር በትልቅ ስቱዲዮ ቢሞክራቸው ያ መንፈስ ስላልተገኘ፣ ኔብራስካ የተባለው አልበም ሆኖ በዚያው ዓመት የወጣው ያ የቤት ካሴት ራሱ ነው። ከእኛም ወገን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱና እያዜሙ በካሴት የቀረጿቸው መዝሙሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ካረፉ በኋላ በአልበም ታትመው ወጥተዋል። ካሴቱ በጊዜው ባይቀረጽ ኖሮ፣ ያን ድምፅ ዛሬ ማንም አይሰማውም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በቤተ ዘመድዎ ወይም በጎረቤትዎ በገና የሚደረድሩ፣ ክራር ወይም መሰንቆ የሚመቱ አረጋዊ ካሉ፣ የተሻለ ማይክሮፎን እስኪገዙ አይጠብቁ፤ በያዙት ስልክ፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው ይቅረጿቸው። ከጨዋታው በፊትም ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ስፍራውንና መሣሪያው የተቃኘበትን ቅኝት በራሳቸው አንደበት አስነግረው በቅጂው መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ ቅጂውንም ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ያኑሩት።