ስለ ጥንታዊ የፖርሴሊን ሰዓቶች

ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የሚቀርበው ሲኒ ስሙን ያገኘው «የቻይና» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። የዚህን ነጭ ሸክላ፥ ማለት የፖርሴሊንን፥ ምስጢር አውሮጳውያን ደርሰውበት በጀርመን አገር የማይሰንን ፋብሪካ ያቋቋሙት እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ1710 ዓ.ም. ነው። ኋላም በዚሁ ሸክላ የሰዓት ቤት ይሠሩበት ጀመር።

ሰብሳቢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ ቤቱንና ውስጠኛውን መሣሪያ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ነው። አንሶንያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሮያል ቦን» የሚባሉትን ቤቶች ያስመጣ የነበረው ከጀርመን ከተማ ከቦን ነው። እንግዲህ በሸክላው ላይ የታተመውን ምልክት ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ሊታለል ይችላል፤ መሣሪያው ተለውጦ ይሆናልና። የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሥራ የሌለው የብሎን ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ስንጥቁ በቀለም የተሸፈነ እንደ ሆነ፥ በጥፍር ቀስ አድርጎ ቢመታው ድምፁ እንደ ደኅና ሲኒ አይጠራም።

የአውሮጳው ሰዓት በቀትር 12 ሲደውል እኛ 6 ሰዓት እንላለን። ስለዚህ ብሎ የፊቱን ቍጥር ማስፋቅ ጥንታዊውን ዕቃ ማበላሸት ነው። የደቂቃውን ጠቋሚ ወደ ፊት 6 ዙር ማዞር ይበቃል፤ ነገር ግን በየሰዓቱ ደወሉ እስኪጨርስ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ የመለሱት እንደ ሆነ መደወያው ሊበላሽ ይችላል።