ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ 99 ቢላችሁም አትመኑት

ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ እንቅልፌን ትቼ ነው የምጽፈው። ላስ ቬጋስ ኢመርጀንሲ ክፍል ነርስ ነኝ። ከሌክ ሚድ ሐይቅ የጀልባ ሽርሽር የተመለሱ የሐበሻ ልጆች ጓደኛቸውን ደግፈው አመጡት። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል። “ፀሐይ መታው” አሉኝ። አንደኛው ኦክሲሜትር ከኪሱ አውጥቶ ጓደኛው ጣት ላይ ሰካና “ሲስተር፣ 99 እኮ ነው፤ ኦክስጅኑ ሙሉ ነው” አለኝ። ከየት እንደሰማው ስጠይቀው ቴሌግራም ላይ የሚዞር ምክር አሳየኝ። የደም ምርመራው ሲመጣ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሞተርና ከከሰል በሚወጣው ጋዝ፣ ተመርዞ ነበር።

ሰሞኑን ሌክ ፓወል ሄዶ ጀልባ ላይ ለማደር ገንዘብ የሚያዋጣው ወጣት ብዙ ነው። ስለ ላይፍ ጃኬትና ስለ ውኃ መጠጣት ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። የማይነገረውን ልናገር።

1. ጭሱ ያለው ከኋላ ነው። የሃውስቦት (የሚታደርበት ጀልባ) ጀነሬተር የሚተፋው ጭስ ከጀልባው ኋላ፣ ሰው ወደ ውኃ በሚወርድበት መድረክ ሥር ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሌክ ፓወል ላይ ሁለት ወንድማማች ልጆች እዚያ ሥር ሲዋኙ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ተመራማሪዎች መዝገብ አገላብጠው፣ ከ1990 እስከ 2000 በዚያ ሐይቅ ጀልባዎች ላይ 111 ሰው በዚሁ ጋዝ መመረዙን አገኙ። 74ቱ የተመረዙት ሃውስቦት ላይ ነው፤ ከነዚህ የ64ቱ መንስኤ ጀነሬተር ብቻ ነበር፤ ከ74ቱ ሰባቱ ሞተዋል። “ሜዳ ላይ ጋዝ አይገድልም” የምትሉ ይህን አንብቡ። ደግሞስ የምን ሜዳ? በረሃው ስለሚያቃጥል ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ለኤሲው ጀነሬተሩ አይጠፋም፣ ጀልባው የታሰረው ግራና ቀኝ ገደል በቆመበት፣ ነፋስ በማይገባበት ጥግ ነው። የእናንተ ጀነሬተር ቢጠፋ እንኳ አጠገባችሁ የታሰረው ጀልባ ጭስ ሊደርሳችሁ ይችላል።

2. ኦክሲሜትሩ ይዋሻል። በቴሌግራም የሚዞረውን ያንን ምክር የለቀቀው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የጤና ባለሙያ ከሆነ ግን ሊያፍር ይገባዋል። መሣሪያው የሚሠራው በጣት ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ደሙ ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ በመለካት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመ ደም ኦክስጅን ከተሸከመው ጋር በዚያ ብርሃን ስለሚመሳሰል ተራው ኦክሲሜትር አይለያቸውም። ሰውየው እየታፈነ 98፣ 99 ያሳያል።

ጋዙ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥብቀት ነው። አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ተራ አየር እየተነፈሱ ግማሹ እስኪወጣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። “ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል” ማለት የማይነቃ ሰው ማስተኛት ሊሆን ይችላል። እውነቱን የሚናገረው ካርቦክሲሄሞግሎቢን (ጋዙ የያዘውን ሄሞግሎቢን) የሚለካው የደም ምርመራ ነው። ስለዚህ ኢመርጀንሲ ስትደርሱ “ጀልባ ላይ ነበርን፣ ጀነሬተር በርቶ ነበር” በሉ። ካልነገራችሁን እኛም ፀሐይ ወይም መጠጥ ብለን ልናልፈው እንችላለን። “ፊቱ ካልቀላ ጋዝ አይደለም” የሚለውንም እርሱት፤ በሕይወት ያለ ታማሚ ላይ ፊት መቅላት እምብዛም አይታይም።

3. ከሰል። ቡና ካላፈላን አይሆንም ብላችሁ ፍም ድንኳን ወይም ጀልባ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። በደንብ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል የምትሉት ፍም ራሱ ጋዙን ያወጣል። አገር ቤት ስንት ቤተሰብ በክረምት በሩን ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኝቶ እንደቀረ እናውቃለን፤ ያንን አደጋ አሜሪካ ድረስ አናምጣው።

አንድ ሰው ራሱን ካመመው ወዲያው ሁሉንም ሞተር አጥፉ፣ ታማሚውን ከጀልባው አርቁ፣ የቀሩትንም ቁጠሩ፤ አንዱ ከታመመ ሌላውም ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ወተትም ሎሚም አይረዳም። ገደሎቹ መሐል ስልክ አብዛኛው ቦታ አይሠራም፤ በጀልባው ሬዲዮ ቻናል 16 ላይ እርዳታ ጥሩ። ካልተሰማችሁ ገደል ወደማይጋርደው ቦታ ወጥታችሁ ድገሙት።

የጀልባ አከራዮቹስ? እነዚያ ልጆች የፈረሙትን የኪራይ ውል አሳዩኝ። ጀልባው ቢጫር ስንት እንደሚከፈል፣ ነዳጅ ጎድሎ ቢመለስ ስንት እንደሚቀጡ በገጽ በገጽ ተዘርዝሯል። ስለ ጋዙ ያለው አንዲት መስመር ናት፤ እሷም በእንግሊዝኛ። የጋዝ ጠቋሚው ይሠራ እንደሆነ አብሯቸው የሞከረ የለም። እኛ ሆስፒታል ሰዎችም ታማሚውን ስንሸኝ የምንሰጠው ወረቀት ያው እንግሊዝኛ ነው። የየከተማው የማኅበረሰብ ማኅበራትም የጉዞውን ዲጄ ስም በትልቁ ጽፈው ፖስተር ሲለጥፉ፣ ከሥሩ ይህን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል?

በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ከቤት ማደሻ ዕቃ መደብር ይገዛል። ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት፣ በምትተኙበት ክፍል አኑሩት። ጀነሬተር ወይም ሞተር በርቶ ሳለ ማንም ከኋላ በኩል ውኃ አይግባ። ይህን ጽሑፍ ለጉዞው ገንዘብ ለሚሰበስበው ልጅ ዛሬውኑ ላኩለት።