ከፎቶው ጀርባ ያለው ታሪክ



ባለፈው የእረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ከመበተናችን በፊት አንድ ነገር ተባብለን ነበር፤ «እያንዳንዳችን አንድ ፎቶ አንስተን ከነታሪኩ ይዘን እንመለስ» ብለን። አልሐምዱሊላህ፣ ፎቶው በብዛት መጣ፤ ወፍ፣ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ገበያ፣ የመንገድ ሰው። ታሪኩ ግን አልመጣም። አብዛኞቹ ፎቶዎች ሥር የተጻፈው «ውብ ተፈጥሮ» ወይም «አገሬ» የሚል ብቻ ነበር። አንዱ ፎቶ ደግሞ ባልታሰበ መንገድ ከመካከላችን አንዱን ጎዳ። ስለዚህ በዚህ እትም የፎቶ ታሪክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚጻፍ ለማብራራት ወሰንን። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከዳንግላና ከአዊ ዞን ነው፤ ከአዘጋጆቹ መካከል የዚያ አካባቢ ልጆች ስላለን፣ የምናውቀውን ብንናገር ይሻላል ብለን ነው።

የዳንግላው ቆንስል

ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙዎቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተናት አልፈናል። ነገር ግን ከዘጠና ዓመት በፊት በዚህችው ከተማ ለዓመታት ተቀምጦ ወፎቿንና ወንዞቿን የመዘገበ ሰው ነበር። ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ይባላል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ መቀመጫው ዳንግላ ነበር።

ቺዝማን የተቀጠረው ለቆንስላ ሥራ ነው፤ ወፍ የግል ፍቅሩ ነበር። ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት በኢራቅና በዐረቢያ በረሃ ተዘዋውሮ ስለ ወፎችና ስለ እንስሳት መዝግቧል። እዚህ እንደመጣ ካርታ ዘርግቶ ሲያይ የዓባይ ወንዝ ትልቅ ክፍል በነጠብጣብ መስመር፣ ማለትም በግምት፣ የተሣለ ሆኖ አገኘው። ከሥራው በተረፈው ጊዜ በበቅሎ እየተጓዘ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ ለካ፤ ያየውን በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። ስለ ወፎቹም ከሌላ አጥኚ ጋር ሆኖ በዘመኑ በታወቀ የወፍ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፏል።

ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ወፍ የሚመዘገበው በአብዛኛው በጠመንጃ ተመትቶ ቆዳው ለሙዚየም በመላክ ነበር፤ ዛሬ ወፉን ሳንገድል በኪሳችን ባለው ስልክ መመዝገብ እንችላለን። ሁለተኛ፣ ቺዝማን የትና መቼ እንዳየ ስለጻፈ ሥራው እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ቦታና ቀን ባይጽፍ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም የጌጥ ክምችት ብቻ ይሆን ነበር። የእኛም ፎቶ እንዲሁ ነው።

የወፍ ፎቶ፦ መጠበቅ

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከነዚህ ውስጥ በሌላው ዓለም የማይገኙ አሉ። ለምሳሌ ማለዳ ዳንግላ ላይ በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈው፣ መንቁሩ ረጅምና ቆልማማ፣ ጉሮሮው ሥር ቁራጭ ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ጠቆር ያለ ወፍ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ባለወፍራም መንቁር ቁራም ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይታይም። ብዙ ሰው ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው እኛ «ሂድ ከዚህ!» ብለን ድንጋይ የምንወረውርበትን ቁራ ለማየት ነው።

አንድ ወንድማችን ይህን ቁራ አንስቶ መጣ። ፎቶው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ታሪኩን ሲነግረን ግን ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ሦስት ማለዳ ከሱብሒ በኋላ ወጥቶ አንድ አጥር ሥር ተቀምጧል። በመጀመሪያው ቀን ሲጠጋ በረረበት፤ በሁለተኛው ቀን ሕፃናት መጥተው አባረሩበት፤ በሦስተኛው ቀን እነዚያው ሕፃናት አጠገቡ ቁጭ ብለው አብረውት ጠበቁ። «ፎቶው አንድ ነው፤ ቁራውን መውገር የተዉት ልጆች ግን አራት ናቸው» አለን። እንግዲህ የፎቶ ታሪክ ማለት ይህ ነው።

ወፍ ማንሳት ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር። ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ያለው ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ይጠቁራል። ስልክ ላይ በጣት አስፍቶ ማቅረብ ምስሉን ቆርጦ ማሳደግ ብቻ ስለሆነ ጥራቱን ይገድላል፤ ከመጠጋት ይልቅ ወፉ እስኪጠጋ መጠበቅ ይሻላል። በረራ ላይ ለማንሳት በካሜራ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ማድረስ፣ በስልክ ከሆነ በተከታታይ ማንሳት ይረዳል። ወፉ እንዲበርልን ብለን ድንጋይ አንወርውር፤ ጎጆ ላይ ያለችውንም አናስደንግጥ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ባልደረቦቻቸው የአንዲት ትንሽ ወፍ ጫጩቶችን ወስደው እናቲቱ ስትንገላታ ባዩ ጊዜ ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን ሁላችንም ተምረናል። የፎቶ ጉጉት ከዚህ ትምህርት ሊያወጣን አይገባም።

የመልክዓ ምድር ፎቶ፦ ከክፈፉ ውጭ ያለው

ከአዊ የመጡት ፎቶዎች አብዛኞቹ አረንጓዴ ኮረብታ ያሳያሉ። «ጥንታዊ ደን» ብሎ የጻፈ ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው የምናየው አብዛኛው አረንጓዴ ዲከረንስ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዓይነት። የአካባቢው መሬት አሲዳማና የደከመ ስለነበር እህል እምቢ ሲል ገበሬው ዛፉን ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ በሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና መሬቱ እንደገና ይዘራል። በዚህ ዙር ብዙ ቤተሰብ ልጅ አስተምሯል፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዋግ መሰል በሽታ ዛፉን እየመታው የብዙዎች ተስፋ ተናግቷል። ይህን ያላወቀ ሰው ፎቶው ላይ አረንጓዴ ብቻ ያያል፤ ያወቀ ግን የቤተሰብ ድካምና ስጋትም ይታየዋል።

እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅም እንደዚሁ ነው። ከላይ ሲያዩት ክብ ሆኖ የሚታየው ሐይቁ የተኛው የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ስለሆነ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፎቶም ያሸበረቀ ፈረስ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተና በዓሉ ፈረሶች በዓድዋ የዋሉትን ውለታ እንደሚያስብ ስናውቅ ግን ፎቶው ይናገራል።

የመንገድ ፎቶ፦ አማና

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ከመጡት ፎቶዎች አንዱ ዳንግላ ላይ የተነሣ ነበር፤ ፊታቸው በከሰል አቧራ የጠቆረ አንድ አባት ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ተሸክመው መንገድ ሲሻገሩ። ብርሃኑ ያምራል፣ አነሳሱም ጥሩ ነው። አንሺው ግን ሳይጠይቅ ከሩቅ ነው ያነሣው፤ በጋራ የስልክ ቡድናችን ላይ ሲለጥፈውም አንድ የቀልድ ቃል ጻፈበት። ብዙዎቻችን ሳቅን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ወንድማችን ከዒሻ ሶላት በኋላ ቀርቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሳቸው አባቴ ናቸው» አለን። ሌላ ቃል አልጨመረም። እዚህ የሚማረው በዚያ ከሰል ነው። አንሺው ማታውኑ ዐፉው ጠየቀው፤ ፎቶውም ተሰረዘ። የሳቅነው ግን እኛም ነን፤ ስለዚህ ይህን የምንጽፈው አንዱን ለመውቀስ አይደለም።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። የሰው ፊት አማና ነው። ሲቻል አስቀድመን እንጠይቅ፤ የቅጽበቱን ውበት ላለማጣት ቀድመን ካነሣን ደግሞ ወዲያው ቀርበን እናሳያቸው፤ «ይጥፋ» ካሉ እናጥፋ። በዕድሜ የገፉትን «እማማ»፣ «አባባ» ብለን ሰላምታ አቅርበን ነው የምንጠይቀው፤ የቆመ ሰው ላይ ስልክ ደቅኖ መሄድ ከእኛ አይጠበቅም። እህቶቻችንን ያለ ፈቃዳቸው በፍጹም አናንሳ። የታመመ፣ የሚለምን፣ የሚያለቅስ ሰው ለፎቶ ውበት ሲባል አይነሣም። ሕያው ነገርን ፎቶ ማንሳት ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸውም እናውቃለን፤ ከእኛ መካከል ሰውና እንስሳ የማያነሣ አለ። ምርጫውን እናክብርለት፤ መልክዓ ምድሩ ለሁላችንም ይበቃል።

መልካሙ ዜና ታሪኩ በዚያ አለማብቃቱ ነው። ያ ወንድማችን በቀጣዩ እረፍት ራሱ አባቱን ጠይቆ አነሣቸው። በዚህኛው ፎቶ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ወደ ካሜራው ቀጥ ብለው እያዩ ነው። ብርሃኑ የመጀመሪያውን ያህል አያምርም፤ እኛ ግን ይህኛውን እንመርጣለን። በአባትየው ፈቃድ በጀመዓችን ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ስለ ካሜራ አንድ እርማት

በመካከላችን «ካሜራ የሚለው ቃል ከዐረብኛ መጣ» የሚል ወሬ በየጊዜው ይነገራል። እውነቱ ቃሉ ላቲን ነው፤ ክፍል ማለት ነው። ለሙስሊም ሊቃውንት ክብር ግን የተሳሳተ ወሬ አያስፈልግም፤ እውነቱ ይበቃል። በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም፣ የምናየው ከዓይናችን ብርሃን ወጥቶ ሳይሆን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይናችን በሚገባ ብርሃን መሆኑን በሰባት ክፍል በጻፈው «ኪታቡል መናዚር» አብራርቷል። በሌላ ጽሑፉ ደግሞ ፀሐይ ስትጋረድ ብርሃኗ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ የማጭድ ቅርጽ የሚሠራበትን ምክንያት አስረድቷል። በኪሳችን ያለው ካሜራም በዚሁ ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ በማስገባት መርህ ነው የሚሠራው።

ታሪኩ እንዴት ይጻፋል?

ረጅም መሆን የለበትም፤ አምስት ጥያቄ መመለስ ይበቃል። የትና መቼ ተነሣ? ምን እየጠበቅን ነበር፣ ምንስ ሆነ? ፎቶው ላይ የማይታየው፣ ከጎን ወይም ከኋላ ያለው ምንድን ነው? ያለው ሰው ወይም ወፍ ወይም ቦታ በአካባቢው ማን ይባላል? ሰው ካለበት ፈቅዷል ወይ?

አራተኛውን ጥያቄ አደራ እንላለን። የወፎቻችንን ስም ከአያቶቻችን በቀር የሚያውቅ እየጠፋ ነው። በአማርኛም ሆነ በአዊኛ የሚጠሩበትን ስም ጠይቃችሁ ጻፉልን፤ ይህ በየትኛውም ካሜራ አይገኝም።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም ከታሪካቸው ጋር የሚመጡ ፎቶዎችን እናወጣለን። ስልክ የሌላችሁም ታሪኩን ይዛችሁ ኑ፤ አንዳችን እናነሣላችኋለን። አላህ ዓይናችንን ከማየት አልፎ የሚያስተውል ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።