ቆሞ የከረመን ሞተርሳይክል ስለ ማስነሣት

ሰው ደክሞት ባረፈ ጊዜ ኀይሉ ይታደሳል፤ ሞተር ግን ሳይሠራ በቆመ ቍጥር ኀይሉ እየከዳው ይሄዳል። ይሁን እንጂ የቆመ ሁሉ የሞተ አይደለም። በብዙ ግቢ ውስጥ ከማድ ቤቱ ጀርባ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ፥ ጎማው ተኝቶ፥ ወንበሩ ተቀዶ፥ ዶሮ የምታድርበት ሞተርሳይክል ይገኛል። ቤተ ሰቡም በእርሱ ነገር ሦስት ሐሳብ ይዞ ይከራከራል። አንደኛው ቆራሌው ሲያልፍ በብረትነቱ ይሸጥ ይላል፤ ሁለተኛው የአባታችን መታሰቢያ ነውና እንዳለ ይቀመጥ ይላል፤ ሦስተኛው፥ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ነው፥ ላስነሣውና ልንዳው ይላል። ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ ለሦስቱም የሚጠቅም ነገር በዚህ ገጽ ልንጽፍ አስበናል።

ሞተርሳይክል ቆሞ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። ባለቤቱ ያረጃል ወይም ይሞታል፤ ወራሾቹም እስኪስማሙ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። የውርስ መዝገብ ሲጻፍ ቤቱና ቦታው በዝርዝር ከተቈጠረ በኋላ፥ በመጨረሻው መሥመር ላይ «አንድ የማይሠራ ሞተርሳይክል» ተብሎ ሲገባ፥ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሌላውም ምክንያት የሕግ ነው። በ2011 ዓ. ም. ክረምት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፥ በሞተርሳይክል እየታገዘ የሚፈጸመው ዝርፊያ ስላስቸገረ፥ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተርሳይክሎች በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። በዚያን ጊዜ ወደ ግቢ ገብቶ ሸራ የለበሰ ሞተርሳይክል፥ ሳይነካ ቆይቶ ከሆነ፥ ብዙ ክረምት ዐልፎበታል ማለት ነው።

በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ለሚኖር ሰው ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እውቀት ከደጁ አይርቅም። በ1934 ዓ. ም. የተቋቋመው ተግባረ ዕድ በዚሁ ሰፈር ለብዙ ትውልድ የእጅ ሙያ ሲያስተምር የኖረ ነው፤ መለዋወጫ ዕቃ የሚፈልግም ወደ መርካቶ በኩል ሄዶ ሶማሌ ተራን መጠየቅ ይችላል። አደባባዩም ስሙን ያገኘው ጣሊያን አገራችንን በኀይል በያዘ ጊዜ ይህን ድርጊት አልቀበልም ብላ በጸናችው በሜክሲኮ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ. ም. ያችን አገር ጐብኝተዋል፤ በዋና ከተማዋም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የሚያስገርመው ግን በዚሁ አደባባይ ዙሪያ መካኒኩ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ቃል የወራሪው ቃል መሆኑ ነው። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሽ፥ ሰልባቲዮ፥ ካቻቢቴ፥ ጎሚስታ የሚባሉት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ. ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃሉ ከመሣሪያው ጋር ቀረ፤ ሠራተኛችንም ጥበቡን ተምሮ ቃሉን የራሱ አደረገው። እኛም ከዚህ በታች ያለውን በዚሁ በሠራተኛው ቃል እንጽፋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ቆሞ የከረመን ሞተር የሚገድለው የዓመታቱ ብዛት ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ችኮላ ነው። ወጣቱ ሸራውን ገልጦ፥ አዲስ ቤንዚን ጨምሮ፥ መርገጫውን ደጋግሞ ይረግጣል፤ የዛገው ፒስተን ሲሊንደሩን ይቧጭራል፤ ከሰልባቲዮው የወረደው ዝገትም ወደ ካርቡራተሩ ይገባል። እንዲህ በጥቂት ደቂቃ የሚደርሰው ጕዳት ዓመታት ካደረሱት ይበልጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ጀርመናውያኑ ዳይምለርና ማይባኽ በቤንዚን ሞተር የምትሄድ ባለ ሁለት መንኰራኵር ከሠሩ ወዲህ የሞተሩ መሠረት አልተለወጠም። ሦስት ነገሮች ይበቁታል፤ እነርሱም የቤንዚንና የአየር ድብልቅ፥ ድብልቁን የሚያምቅ ፒስተን፥ የታመቀውንም የሚያቀጣጥል እሳት ናቸው። እንግዲህ የቆመውን ሞተር የሚመረምር ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደ ጐደለ በተራ ይጠይቅ እንጂ ሁሉን ባንድ ጊዜ አይነካካ።

የመጀመሪያው ምርመራ የፒስተኑ ነው፤ ይህም ገንዘብ ሳይወጣ የሚደረግ ስለ ሆነ ለቤተ ሰቡ ክርክር ዳኛ ሊሆን ይችላል። ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚያህል የሞተር ዘይት ይንቈርቈርበት፤ ሁለት ቀንም ይቈይ። ከዚያ በኋላ ማርሹን ወደ ከፍተኛው አግብቶ የኋላውን ጎማ በእጅ ቀስ አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ ነው። እንቢ ያለ እንደ ሆነ ዘይቱን ጨምሮ መታገሥ ይገባል እንጂ መዶሻ ማንሣት አይገባም። ከተላቀቀም በኋላ የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣት ደፍኖ መርገጫውን ቢጫኑት፥ ትንፋሹ ጣትን ገፍቶ የሚያነሣ ከሆነ ሞተሩ ተስፋ አለው። ትንፋሹ ደካማ ከሆነ ግን ቀለበቱ ወይም ቫልቩ ተበልቷልና ወጪው ከፍ ያለ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው።

ሁለተኛው የቤንዚኑ ነገር ነው። ቤንዚን እንደ ጠጅ በመቈየቱ አይሻልም። ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሲሄድ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል፤ አልኮል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝጋል። ስለዚህ አሮጌው ቤንዚን ፈጽሞ ይወገድ። ሰልባቲዮው ውስጡ ዝጎ እንደ ሆነ ከሞተርሳይክሉ ተነሥቶ ኮምጣጤ ሞልቶበት ይደር፤ ከዚያም ትንንሽ ብሎኖች ገብተውበት ይናጥ፤ በውሃ ታጥቦም ዳግመኛ እንዳይዝግ ወዲያው ይድረቅ። ካርቡራተሩ ተፈትቶ ቤንዚን የሚያልፍባቸው የናስ ቀዳዳዎች በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ግፊት ይጽዱ። እነዚህ ቀዳዳዎች በሚሊሜትር ክፍልፋይ የተለኩ ናቸውና በሽቦ የሚጐረጕራቸው ሰው ልካቸውን ያበላሻል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ የሆነ ጠባይ አላት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ለቈላ አገር ተለክቶ የመጣ ካርቡራተር በዚህ ቀጭን አየር ላይ ከሚገባው የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል። ምልክቱም ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት መሸፈኑና ጭሱ መጥቈሩ ነው፤ መድኃኒቱም በዋናው ቀዳዳ ምትክ ጠበብ ያለ ማስገባት ነው። በዝቅተኛው ቈላ ይሮጥ የነበረ ሞተርሳይክል አዲስ አበባ ሲደርስ ቢያስልና ቢደክም ጕድለቱ ሁልጊዜ የእርጅና እንዳይመስለን።

ሦስተኛው እሳቱ ነው። ካንዴላው በብሩሽ ተጠርጎ ክፍተቱ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይስተካከል። ከገመዱ ጋር ተያይዞም አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር ሲነካካ መርገጫው ቢረገጥ፥ ሰማያዊ ብልጭታ የሰጠ እንደ ሆነ ጤነኛ ነው፤ ቢጫና ደካማ ከሆነ ገመዱና የእሳት መስጫው ይመርመሩ። ይህ ሲደረግ ቤንዚን የያዘ ዕቃ በአጠገብ አይኑር፤ ካንዴላውም ከተፈታበት ቀዳዳ ይራቅ፤ ከዚያ የሚወጣው ትንፋሽ ይቀጣጠላልና። ለዓመታት የቆመ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም፤ በእርሱ ላይ ከመድከም ሌላ መግዛት ይሻላል።

እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ በኋላ አሮጌው የሞተር ዘይት ይፍሰስና አዲስ ይግባ። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚጠጣ ሞተር ከሆነም ድብልቁ ፋብሪካው በወሰነው መጠን ይሁን፤ ያለ ዘይት ቤንዚን ብቻ ቢሰጠው ፒስተኑ ተቃጥሎ ይጣበቃልና። ፍሪሲዮኑም ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ማርሽ አስገብተው፥ እጀታውን ጨብጠው ሲገፉት ጎማው አልዞር ያለ እንደ ሆነ ነው። ሞተሩ ሳይነሣ እጀታውን እንደ ጨበጡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል።

ሞተሩ የሚነሣበት ስፍራ የግቢው ሜዳ ይሁን እንጂ የተዘጋ ክፍል አይሁን። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዝ በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ ከሚያወጣው መርዝ ጋር አንድ ነው፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል። የቤት እመቤትም ክብሪትና ምድጃ እንዲርቁ፥ ልጆችም ዳር ቆመው እንዲያዩ ብታዝ ተገቢ ነው። ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ቢታይ፥ በቀዳዳው የተንቈረቈረው ዘይት ሲቃጠል ነውና አያስደንግጥ፤ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ፥ ዘይቱ ገና ሙቅ ሳለ እንደ ገና ይለወጥ፤ የዓመታቱን እድፍ አጥቦ የሚወጣው ይህ ነውና።

የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ቤተ ሰቡ ይደሰታል፤ ሰፈሩም ይሰበሰባል። ነገር ግን ከሁሉ የሚያስፈራው ሰዓት ይህ ነው፤ የሚሄድ ሁሉ የሚቆም ይመስለናልና። ፍሬን የሌለው ሞተርሳይክል ቆሞ ከቀረው ይከፋል። የፍሬን ሸራው ተላቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላልና ይታይ፤ በዘይት የሚሠራ ፍሬንም ከሆነ አሮጌው ዘይት ውሃ ስቧልና ፈጽሞ ይለወጥ፤ የጎማ ቱቦውም አብሮ ይለወጥ። የመንኰራኵሩ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ ጐኑ ከተሰነጠቀ አይታመንም። ዕድሜውን ለማወቅ በጐኑ ላይ የተጻፈውን ባለ አራት አኃዝ ቍጥር መመልከት ነው፤ 1218 ቢል በፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 ዓመት በ12ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ዐሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ ጎሚስታው ቢያመሰግነውም እንኳ ከነካላማዳሪው መጣል ይገባል። የብዙ ሺህ ብር ጎማ የልጅን አጥንት አይተካም፤ የራስ ቁርም እንዲሁ ከመንገድ በፊት ይገዛ።

የመንገዱ በር ግን የሚከፈተው በመፍቻ ብቻ አይደለም። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ወራሾች ተስማምተው ስሙን በሕግ ያዛውሩ፤ ዓመታዊው ምርመራና ቦሎውም ይሟላ፤ በአዲስ አበባ ውስጥ ለመንዳት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ማስተዋል ነው፤ ፈቃድ ያላገኘ ሞተርሳይክል ምንም ቢያምር ከግቢ ሊወጣ አይችልምና። ከወራሾች አንዱ ብቻውን ደክሞና ገንዘቡን አውጥቶ ካስነሣው በኋላ ሌሎቹ ድርሻችን ብለው ቢመጡ ወንድማማችነትን የሚያሻክር ጠብ ይነሣል። እንግዲህ ማን ምን እንዳወጣ፥ ዕቃውም የማን እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር። አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ቀጠሮ ያስቀራል።

ስለዚህ ለሦስቱ ተከራካሪዎች የምንመክረው ይህ ነው። ይሸጥ የሚለው የትንፋሹ ምርመራ እስኪደረግ ይታገሥ፤ ተስፋ ያለውን ሞተር በብረት ክብደት መሸጥ ኪሳራ ነው። ይቀመጥ የሚለው ደግሞ መቀመጥ ማለት መበስበስ እንዳይሆን ቤንዚኑን አፍስሶ፥ ፒስተኑን በዘይት አርሶ፥ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በደረቅ ስፍራ ያስቀምጠው፤ መታሰቢያ የሚከበረው ሲጠበቅ ነውና። ይነሣ የሚለውም ወጣት፥ ወንድ ቢሆን ሴት ልጅ፥ የሚፈታውን ብሎን በቅደም ተከተል በወረቀት እየጻፈ፥ ሙያውን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ እየተማረ ይሥራ። አባት ትቶት ያለፈውን ዕቃ በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመ ልጅ፥ ከብረቱ የሚበልጥ ውርስ ያገኛል፤ ይኸውም ትዕግሥትና ሙያ ነው፤ እነዚህንም ወራሽ ሊካፈልበት፥ ዝገትም ሊበላበት አይችልም።