የጤና መድናችን ድንበር ይሻገራል ወይ?

ከሬንተን፣ ዋሽንግተን

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላሉ አበው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ለሠርግ ወደ ሮም ተጉዘን ሳለ በቤተሰባችን ላይ የደረሰው ነገር ነው። ጉዳዩ የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደባባይ ባላወጣሁት ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ከሲያትል አካባቢ ወላጆቹን ይዞ ወደ አውሮፓና ወደ አገር ቤት የሚጓዘው ወገን ብዙ በመሆኑ፣ የተማርኩትን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

በሠርጉ ላይ ሦስት ዘመዳሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር፤ እህቴ ከፍራንክፈርት፣ እናቴ ከአዲስ አበባ፣ አማቼ ደግሞ ከእኛው ከሬንተን። ከአንድ ማዕድ ቢቆርሱም የጤና ዋስትናቸው ግን ለየቅል ነበር።

ከእህቴ እንጀምር። ጀርመን ሠርታ የምትኖር፣ የአገሩ የጤና መድን አባል ናት። ከጀርመን የጤና ካርዷ ጀርባ ላይ ሌላ ካርድ ታትሟል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለውና ኢ111 የተባለውን የወረቀት ቅጽ የተካው የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ነው። በካርዱ መሠረት አንድ ሰው ለአጭር ጊዜ በሄደበት አባል አገር ቢታመም፣ ጉዞውን እስኪጨርስ ሊዘገይ የማይችለውን ሕክምና በመንግሥት የጤና ተቋም፣ የአገሩ ሰው በሚታከምበት ክፍያና ደንብ ያገኛል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ወጪውን አገሮቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ። ይሁን እንጂ ካርዱ የግል ሐኪም ቤትን፣ በሽተኛን ወደ አገሩ ማጓጓዝንና ለሕክምና ብሎ መሄድን አይሸፍንም።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር አለ። እህቴ ዛሬም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘችው። ካርዱ ሮም ላይ ይሠራላታል፤ በዴንማርክ፣ በስዊዘርላንድ፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊክተንስታይን ግን በመርኅ ደረጃ አይሠራላትም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለሌላ አገር ዜጎች የተዘረጋው እነዚህን አገሮች ሳይጨምር ነውና። በስደተኝነት እውቅና ያገኘ ሰው ግን በዋናው ደንብ በቀጥታ ተካቷል።

እናቴ የመጣችው በሸንገን ቪዛ ነው። በ2009 በወጣው የቪዛ ሕግ መሠረት አመልካች ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የጉዞ ሕክምና መድን ማቅረብ አለበት። መድኑ ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን ይሸፍናል። እናቴ መድኑን ስትገዛ “የማያልቅ ወረቀት” እያለች አማርራ ነበር።

አማቼስ? ለብዙ ዓመታት ግብር የከፈሉ፣ ሜዲኬር ያላቸው አሜሪካዊ ዜጋ ናቸው። በሠርጉ ማግስት ደረታቸውን እንደሚያማቸው ያወቅነው ፊታቸው ከገረጣ በኋላ ነው። ለካስ ሕመሙ ከጀመራቸው አንድ ቀን አልፎታል። ለምን እንደደበቁን ስጠይቃቸው “ልጄ፣ በሰው አገር ሂሳቡን ማን ይከፍላል ብዬ ነው” አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። ፍርሃታቸው ግን ትክክል ነበር። ሂሳቡን የከፈልነው በክሬዲት ካርድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 የታወጀው ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ በካናዳ በኩል በቀጥታ ወደ አላስካ ሲጓዙ የሚደርስ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሜዲኬይድም ከአገር ውጭ አይከፍልም። አሜሪካ ከበርካታ የአውሮፓ አገሮች ጋር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት አላት፤ የመጀመሪያው እንዲያውም በ1978 ከጣሊያን ጋር ሥራ ላይ የዋለው ነው። ስምምነቱ ግን የሚመለከተው ጡረታንና መዋጮን እንጂ የሜዲኬር ሕክምናን አይደለም።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት። እናቴን የጠበቃት ያማረረችበት የቪዛ ግዴታ ነው። አማቼን ከቪዛ ነፃ ያወጣቸው ሰማያዊ ፓስፖርት ግን ከመድኑም ነፃ አወጣቸው። እኔም መሐንዲስ ነኝ፤ በሥራዬ አንድ መስመር የቴክኒክ መመሪያ ሳላነብ አላልፍም። የአማቼን የመድን ውል ግን አንድ ገጽ እንኳ አልገለጥኩም ነበር።

ስለዚህ ከመጓዛችን በፊት ሦስት ነገር እናድርግ።

1ኛ/ ያለንን መድን እንጠይቅ። ከመሥሪያ ቤት የሚገኙ አንዳንድ መድኖች በውጭ አገር ለደረሰ ድንገተኛ ሕመም ይከፍላሉ። ሜዲጋፕ ከሚባሉት የሜዲኬር ማሟያዎችም የተወሰኑት፣ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለጀመረ ድንገተኛ ሕመም፣ ታካሚው 250 ዶላር ከከፈለ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ። የዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው።

2ኛ/ የጉዞ መድን ስንገዛ ስለ ነባር በሽታ የተጻፈውን እናንብብ። ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሽማግሌ ወሳኙ እሱ ነው። ብዙ ውሎች ይህን ክልከላ የሚያነሱት መድኑ ከመጀመሪያው የጉዞ ክፍያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ከተገዛ ነው።

3ኛ/ በሽተኛን በአውሮፕላን የማጓጓዝ ሽፋን መኖሩን እናረጋግጥ። ከአዲስ አበባ ቢሆን ወጪው ከመቶ ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። በያለንበት እድር አለን። ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገሩ ለማድረስ በአንድ ሌሊት ገንዘብ እናዋጣለን፤ የሚያኮራ ባህል ነው። ነገር ግን ለሞተው የምንሮጠውን ያህል ለሚጓዘው ብናስብ ምን ይጎድልብናል? የእድር ዳኞቻችን ወደ ውጭ የሚሄድ አባል ሲሰናበታቸው “መልካም መንገድ” ከማለታቸው በፊት “መድን ገዝተሃል ወይ?” ብለው ቢጠይቁ፣ ሕመሙን ደብቆ የሚያድር ሽማግሌ አይኖርም ነበር።

ቸር ይግጠመን።