ጽሑፉን አንብቦ ፊልሙን መቁረጥ፦ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየር በቪዲዮ አርትዖት ውስጥ



ንግግሬን በአንድ ቀላል ስሌት ልጀምር። አንድ ተማሪ ለዘጋቢ ፊልሙ 10 አረጋውያንን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢያነጋግር፣ 15 ሰዓት ቀረጻ ይዞ ይመለሳል። ከዚህ ውስጥ የሚያስፈልገው ምናልባት 20 ደቂቃ ነው። ይህችን ለማግኘት ግን 15ቱን ሰዓት ደጋግሞ መስማት ግድ ይሆንበታል። በአርትዖት ሥራ ጊዜን የሚበላው መቁረጡ ሳይሆን ፍለጋው ነው።

ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሶፍትዌሮች የሚያቀልሉት ይህንኑ ፍለጋ ነው። ሶፍትዌሩ ቃላቱን ሲጽፍ እያንዳንዱ የተነገረበትን ቅጽበት አብሮ ይመዘግባልና፣ ጽሑፉ የቀረጻው ካርታ ይሆናል። አዘጋጁ እንደ መጽሐፍ ያነባል፤ ያሰምራል፤ ይመርጣል። አዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባስገባው አሠራር፣ ከጽሑፉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰረዝ ተጓዳኙ ምስልና ድምፅ አብሮ ይቆረጣል። ጽሑፉ ከታረመ በኋላም የግርጌ ጽሑፍ ሆኖ ያገለግላል።

በአማርኛ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው ዊስፐር በ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ የሠለጠነ ነው። ከእንግሊዝኛ ውጭ በ96 ቋንቋዎች ተነግሮ በየቋንቋው የተጻፈው ግን 117 ሺህ ሰዓቱ ብቻ ሲሆን፣ የአማርኛ ድርሻ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው ጆሮ ነው። ፍለጋም በሞክሼ ፊደላት ይሰናከላል፤ «ዓለም» ብሎ የፈለገ «አለም» ተብሎ የተጻፈውን ያጣዋል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከራሴ ስሕተት ነው። አንዲት እናት በቃለ መጠይቅ ላይ፣ «ልጄን ለዘመድ የሰጠሁት ጠልቼው...» ብለው ዝም አሉ። ከረጅም ፋታ በኋላ በለሆሳስ «አይደለም» ሲሉ ጨረሱ። መሣሪያው የመጨረሻዋን ቃል አልጻፋትም። እኔም ድምፁን ሳልሰማ ጽሑፉን ብቻ አይቼ አሰመርኩ፤ ተማሪዬም ባሰመርኩት ልክ ቆረጠ። የመጀመሪያውን ቅንብር ስናሳያቸው፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ከእኔ አፍ አልወጣም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አማርኛ ፍርዱን የሚሰጠው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነውና፣ ጅራቱ ሲቆረጥ ምስክርነቱ ይገለበጣል።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን ሦስት ነገር አስገድዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ጽሑፉን ለመፈለጊያ እንጂ ለመወሰኛ አለመጠቀም፤ እያንዳንዱ ምርጫ ከመቆረጡ በፊት በጆሮ ይሰማል። ሁለተኛው፣ ከምርጫው በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ማዳመጥ፤ ዝምታም የንግግሩ አካል ነው። ሦስተኛው፣ የተቆረጠውን ለተናጋሪው መልሶ ማሰማት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥራው ከቀድሞው እጅግ ይፈጥናል።

መሣሪያው የሚያተርፍልንን ጊዜ ከየት እንዳገኘነው አንርሳ፤ ከሰዎች ቃል ነው። ከትርፉ ጥቂቱን ቃላቸውን በትክክል ለመስማት እንመልስላቸው።