የቤት ማንቂያ ደወል አደጋ ሳይኖር ሲጮህ ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

በዲላ አቅራቢያ በምትገኘው ጪጩ እንደ ሌሎቹ የጌዴኦ ዞን አካባቢዎች ሁሉ ቡና በየቤቱ ይቆላል፤ ዕጣንም ይጨሳል። የጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ግን የቡናን ጭስ ከቃጠሎ ጭስ ላይለይ ይችላል። የሙቀት ለውጥን ተከትሎ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ጠቋሚም ድመት ስታልፍ ሊጮህ ይችላል።

ደወሉ በከንቱ ሲደጋገም ጎረቤት ችላ ይለዋል፤ እውነተኛው አደጋ ሲደርስ ፈጥኖ የሚደርስ አይኖርም። ስለዚህ መሣሪያውን ከመንቀል ይልቅ የጭስ ጠቋሚውን ቡና ከሚቆላበት ስፍራ አርቆ መትከልና ባትሪውን በየጊዜው መፈተሽ ይገባል።

የተሰበረ በር ወይም መስኮት ከታየ ወደ ቤት ሳይገቡ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ወይም በስልክ ቁጥር 991 ማሳወቅ ያስፈልጋል። ጥሪው በስሕተት የተደረገ ከሆነም ወዲያውኑ መግለጽ ይገባል።